የሰዓት ቀለበት ሲዛነፍ፦ ከመንካት በፊት መመርመር

(የመግቢያ ሙዚቃ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በዛሬው የሙያ ትምህርታችን ያገለገለ የእጅ ሰዓት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚያጋጥመው ጉድለት እንነጋገራለን። በሰዓቱ መስታወት ዙሪያ የሚሽከረከረው ቀለበት ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ ከሰዓቱ ገጽ 12 ቁጥር ጋር ፊት ለፊት መግጠም ሲገባው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ይገኛል። ይህ ለምን ይሆናል? በቤታችን ልናስተካክለው እንችላለን? መቼስ ለሰዓት ሰሪ መስጠት ይሻላል? እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እናያለን።

ከሁሉ አስቀድሞ በስሞቹ እንግባባ። የሚሽከረከረውን ክብ ብረት ባለሙያዎች ቤዝል ይሉታል፤ እኛ ቀለበት እንበለው። በቀለበቱ ላይ ተለጥፎ ወይም ተጨምቆ የገባው፣ ቁጥሮችና መስመሮች የታተሙበት ስስ ክብ ደግሞ ኢንሰርት ይባላል። ቀለበቱና ኢንሰርቱ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መሆናቸውን ያዙልኝ፤ የዛሬው ትምህርት ግማሹ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ነገር፣ በገጹ ላይ ያለ ቦታ ስጠራ የምጠራው የታተመውን ቁጥር ነው። 12 ካልኩ ከላይ ያለውን፣ በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት የምንለውን ቦታ ማለቴ ነው።

እንዲህ ያሉ ሰዓቶች በከተማችን በሎስ አንጀለስ የሚገኙባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። በፌርፋክስ ጎዳና ካለው ከሊትል ኢትዮጵያ ተነስታችሁ በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ብትነዱ፣ ሜልሮዝ ላይ በፌርፋክስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ በየእሑዱ የሜልሮዝ ትሬዲንግ ፖስት ገበያ ይቆማል። በፓሳዲና የሮዝ ቦውል ገበያ ደግሞ በየወሩ በሁለተኛው እሑድ ይውላል። በእነዚህ ገበያዎች፣ በፖውን ሾፖችና በኢንተርኔት ሽያጭ ላይ ሴይኮ፣ ኦሪየንት፣ ሲቲዝን፣ ካሲዮና ኢንቪክታ በብዛት ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለአገራችን ሰው አዲስ ያልሆኑት ብዙ ናቸው። ሴይኮና ኦሪየንት ስንት አባትና አጎት በክብር ያሰሯቸው ሰዓቶች ናቸው! እንዲህ ያለ ሰዓት አግኝቶ በገዛ እጅ መንከባከብ ደስ የሚል ነገር ነው። ደስታው እንዳይበላሽ ግን እውቀት ይፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ ይህ ቀለበት ለምን ተሠራ? የተሠራው ለጠላቂዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የስዊዘርላንዱ ብላንፓ ፊፍቲ ፋዘምስ የተባለውን የጠላቂ ሰዓት አወጣ፤ በዚያው ዓመት አካባቢ ሮሌክስም ሰብማሪነርን ሠራ። ጠላቂው ወደ ውኃ ሲገባ በቀለበቱ ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ከደቂቃ ቆጣሪው ፊት ለፊት ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ደቂቃ ቆጣሪው የሚያመለክተውን የቀለበት ቁጥር በማየት ብቻ ስንት ደቂቃ ውኃ ውስጥ እንደቆየ ያውቃል። በሲሊንደሩ የቀረው አየር ይሰላ የነበረው በዚህ ነው።

የዛሬዎቹ የጠላቂ ሰዓቶች ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ግራ ብቻ ይዞራል። ምክንያቱ የሰው ሕይወት ነው። ቀለበቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሳይታሰብ ቢዞር፣ ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ ያሳያል እንጂ አሳንሶ አያሳይም፤ ጠላቂው ቢሳሳት እንኳ ቀድሞ ይወጣል እንጂ አየር እስኪያልቅበት አይቆይም። አይሶ 6425 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂ ሰዓት ደረጃም ቀለበቱ በድንገት እንዳይዞር የተጠበቀ፣ ምልክቶቹም በጨለማ ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚነበቡ እንዲሆኑ ይጠይቃል።

ስለ ሴይኮ ካነሳን፣ አትሌት አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ የውድድሩ ይፋ ሰዓት ያዥ ሴይኮ ነበር። አበበ የገባው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ነው። ኩባንያው የመጀመሪያውን የጠላቂ ሰዓቱን ያወጣው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1965 ነው። ከዚያ የዘር ሐረግ ከ1996 ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የተመረተው ኤስኬኤክስ 007 በዓለም ዙሪያ እጅግ ከተወደዱት አንዱ ሆነ። ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም የሚቻል ነበር። ይሁን እንጂ የኢንሰርት መዛነፍ በብዛት የሚነሳበትም ይኸው ሰዓት ነው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የዚህ ሰዓት ኢንሰርት ስፋት ወደ 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዙሪያው 119 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። ለ60 ደቂቃ ስናካፍለው ለአንድ ደቂቃ የሚደርሰው 2 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበቱ አንድ ዙር ለመጨረስ 120 ጊዜ ቀጭ ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀጭ የግማሽ ደቂቃ፣ ማለትም የ1 ሚሊ ሜትር እርምጃ ነው። ኢንሰርቱ ሲለጠፍ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ቀለበቱን አንድ ቀጭ ስናዞረው ይስተካከላል። ችግር የሚሆነው መዛነፉ በሁለት ቀጭ መካከል ሲወድቅ ነው። ያኔ ሦስት ማዕዘኑን አንድ ቀጭ ወደ ግራ ብናደርገው ያልፋል፣ ብንተወው ይቀራል። በ120 ቀጭ ቀለበት ላይ ሊቀር የሚችለው ትልቁ ስህተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በ60 ቀጭ ቀለበት ላይ ግን እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ያ ደግሞ በግልጽ ይታያል።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን። ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለት የሩብ ደቂቃ፣ የ15 ሰከንድ ልዩነት ነው። የመኪና ማቆሚያ ሜትር ለሚጠብቅ ወይም እንቁላል ለሚቀቅል ሰው ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። እንግዲያው ኢንሰርቱን የምናስተካክለው ሰዓቱ ስለማይሠራ አይደለም። አንደኛ፣ ዓይናችን ባየው ቁጥር ስለሚቆረቁረው ነው። ሁለተኛ፣ መልሰን ብንሸጠው ዋጋውን ስለሚነካ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ መዛነፉ ሰዓቱ ከዚህ በፊት ተከፍቶ እንደሆነ፣ ኢንሰርቱ ተቀይሮ እንደሆነ ወይም ከቀለበቱ ሥር ያለው ሞላ ደክሞ እንደሆነ ሊነግረን ስለሚችል ነው። ችግሩ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነም የሚያስቸኩል ነገር የለም። ቸኩሎ የሚነካ ሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊያስተካክል ሲል ሙሉ ኢንሰርት ያጥፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮች፣ አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ሦስት ማዕዘኑ ዞር ብሎ ሲታይ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ኢንሰርቱ አይደለም። አምስት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ አንድ በአንድ እናጣራቸው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የራሳችን ዓይን ነው። ቀለበቱ ከገጹ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከጎን ያየው ሰው የተዛነፈ ይመስለዋል። ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ከላይ በቀጥታ እዩት። በስልክ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ሌንሱን አታስጠጉ፤ ከ30 ወይም ከ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንሱና ምስሉን አጉሉት። በቅርብ የተነሳ ፎቶ ቀጥ ያለውን ሰዓት ጠማማ ያስመስለዋል።

ሁለተኛው ልቅነት ነው። ቀለበቱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀጭ ሳይል ወዲህና ወዲያ ነቅነቅ አድርጉት። በዚህ መነቅነቅ ውስጥ ሦስት ማዕዘኑ መሃል ላይ የሚመጣ ከሆነ ኢንሰርቱ ደህና ነው። ጉድለቱ ያለው ከቀለበቱ ሥር ባለው ሞላ ወይም ቀለበቱን አጥብቆ በሚይዘው ጎሚኒ ላይ ነው። አንዳንዴም ለዓመታት የተጠራቀመ ላብ፣ ሳሙናና አሸዋ ሞላውን አስሮት ይገኛል። ያኔ የሚያስፈልገው ጽዳት ብቻ ነው።

ሦስተኛው የቆጣሪዎቹ አቀማመጥ ነው። መሙያውን ስባችሁ ሰዓቱን ልክ 12 ላይ አድርጉት። ደቂቃ ቆጣሪው 12 ላይ ሲሆን ሰዓት ቆጣሪው አብሮት ካልገጠመ፣ ዓይናችሁን የሚያሳስተው የቆጣሪዎቹ አተካከል ሊሆን ይችላል። ይህ ሰዓቱን መክፈት ስለሚጠይቅ የሰዓት ሰሪ ሥራ ነው።

አራተኛው ገጹ ራሱ ነው። ቀጭን ማስመሪያ ወይም የተወጠረ ክር በመስታወቱ ላይ፣ ከ12 ምልክት እስከ 6 ምልክት ድረስ ዘርጉ። መስመሩ ከላይና ከታች ማሰሪያው በሚገባባቸው ጆሮዎች መካከል እኩል ማለፍ አለበት። ወደ አንዱ ጆሮ ካዘነበለ የዞረው ገጹ ነው ማለት ነው። በገጹና በመስታወቱ መካከል ያለው የደቂቃ ክብ ለብቻው የሚዞርባቸው ሰዓቶችም አሉ፤ ሴይኮ ላይ ይህ የታወቀ ነው። ይህም ቢሆን በውስጥ ያለ ስለሆነ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

እነዚህ አራቱ ነጻ ከወጡ አምስተኛው፣ ኢንሰርቱ፣ ይቀራል። እሱንም ቢሆን በአንድ ነጥብ ብቻ አትፍረዱበት። ሦስት ማዕዘኑን 12 ላይ አድርጋችሁ 15 ቁጥርን ከገጹ 3 ጋር፣ 30ን ከ6 ጋር፣ 45ን ከ9 ጋር አስተያዩ። አራቱም ምልክቶች ወደ አንድ የመዞሪያ አቅጣጫ እኩል የፈነጠሩ ከሆነ ኢንሰርቱ ዞሮ ተለጥፏል። ሦስት ማዕዘኑና 30 ልክ ሆነው 15ና 45 ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሸሹ ግን ኢንሰርቱ አልዞረም፤ ከመሃል ለቆ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሞክረው መላ አለ። ቀለበቱን ነቅሎ አንድ ጥርስ አሳልፎ መልሶ መግጠም! ይህ ከንቱ ድካም ነው። ቀለበቱ የሚቆምባቸውን ቦታዎች የሚወስኑት ከሥሩ ያሉት ጥርሶችና ሞላው ናቸው። ጥርሶቹ እኩል የተከፋፈሉ ስለሆኑ ቀለበቱን በየትኛውም ጥርስ ብትገጥሙት ያው ግማሽ ቀጭ ተመልሶ ይመጣል። መንቀሳቀስ ያለበት በቀለበቱ ላይ ያለው ኢንሰርት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመጀመራችን በፊት፣ በቤት ውስጥ የማይነኩ ሰዓቶችን እንለይ።

የሴራሚክ ኢንሰርት ያለው ሰዓት አትንኩ። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ2005 በጂኤምቲ ማስተር 2 ላይ ካስተዋወቀው ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። ሴራሚክ በቀላሉ አይጫርም፤ ነገር ግን አይታጠፍም። ሲፈነቀል ይሰነጠቃል።

ተጨምቆ የሚገባ ኢንሰርት ያላቸው፣ ዋጋቸው ከፍ ያለ የቆዩ ሰዓቶችም ለባለሙያ ይተዉ። በእንዲህ ያሉ ሰዓቶች ላይ ከጊዜ ብዛት የደበዘዘ የመጀመሪያ ኢንሰርት ከአዲስ ኢንሰርት የበለጠ ዋጋ አለው። ብታጥፉት የሚተካውን አታገኙም።

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራ፣ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባ ሰዓት ካላችሁ ደግሞ ፈጽሞ አትፋቁት። በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ ይቀቡት የነበረው ሬዲየም ነው። ሬዲየም ግማሹ እስኪያልቅ 1600 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ቀለሙ ማብራት ቢያቆምም ጨረሩ አላቆመም፤ ብናኙ በአፍንጫም ሆነ በአፍ መግባት የለበትም። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለቤት ሥራ የሚመቸው በማጣበቂያ የተለጠፈ የአሉሚኒየም ኢንሰርት ነው። ኤስኬኤክስ 007ን የመሰሉ የሴይኮ ሰዓቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በእነዚህ ላይ ብትሳሳቱ እንኳ ምትክ ኢንሰርቱ በቀላሉ ይገኛል፤ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም።

አሁን ዕቃዎቻችንን እናዘጋጅ። ለስላሳ ጨርቅ፣ ጠርዝ ያለው ትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ ወረንጦ፣ የእንጨት ስቲኪኒ ወይም የፕላስቲክ መፈንቀያ፣ ጫፉ ያልሰላ የሰዓት መክፈቻ ቢላዋ፣ የቀለም ቀቢዎች ሰማያዊ ፕላስተር፣ አልኮል፣ ፀጉር ማድረቂያ፣ እንዲሁም ማጣበቂያ። ካቻቢቴ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ብረቱን ይጫርና ጭረቱ አይለቅም።

አንደኛ፣ መሙያው በደንብ መጥበቁን አረጋግጡ፤ ማሰሪያውን ፍቱና ሰዓቱን ለብቻው አድርጉት። ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሥራው መነሻ ይህ ፎቶ ነው፤ ኋላ የት እንደነበር ለማወቅ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛ፣ የሰዓቱን አካልና መስታወቱን በሰማያዊው ፕላስተር ሸፍኑ። ቢላዋውን በቀለበቱና በአካሉ መካከል ባለው ክፍተት አስገብታችሁ፣ ትንሽ በትንሽ ቦታ እየለዋወጣችሁ ቀለበቱን አንሱት። በአንድ ቦታ ብቻ በጉልበት አትፈንቅሉ። ቀለበቱ ሲለቅ ሰዓቱን ከትሪው ላይ አታንሱ፤ ከሥሩ ያለችው ሞላ፣ በአንዳንዶቹም ላይ ትንሽ ኳስ፣ ተፈናጥራ ልትጠፋ ትችላለች። እንዴት እንደተቀመጠች ፎቶ አንሱና በወረንጦ አንስታችሁ ለብቻዋ አስቀምጧት።

ቀለበቱን ማንሳት ጥቅሙ ሁለት ነው። የምንሰጠው ሙቀት ሰዓቱን አይነካም፤ የውስጡ ዘይትና ጎሚኒዎቹ ይተርፋሉ። ኢንሰርቱን ስናላቅቅም መስታወቱ አይጫርም።

ሦስተኛ፣ ቀለበቱን ብቻ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፤ እጅ ሊይዘው እስከሚችል ድረስ ይበቃል። ክብሪት፣ ላይተር ወይም ምድጃ አይሞከርም። ማጣበቂያው ሲለሰልስ ስቲኪኒውን በኢንሰርቱ ውስጠኛ ጠርዝ ሥር አስገቡ። እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ ዙሪያውን ቀስ እያሉ እንደሚያላቅቁት፣ ኢንሰርቱንም ዙሪያውን እኩል እያላቀቃችሁ አንሱት። አንዱን ጎን ብቻ ከፍ ካደረጋችሁት አሉሚኒየሙ ይታጠፋል፤ አንዴ የታጠፈ ኢንሰርት ደግሞ ቢቃናም ምልክቱ ይቀራል። እንቢ ካለ እንደገና አሙቁት እንጂ አትታገሉት።

አራተኛ፣ የቀረውን ማጣበቂያ በአልኮል በራሰ ጨርቅ አጽዱ። አሴቶን አትጠቀሙ፤ ቀለሙንና በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለችውን በጨለማ የምታበራ ነጥብ ሊያበላሽ ይችላል። የቀለበቱን ሥር፣ ጥርሶቹንና ሞላዋን በዚሁ አጋጣሚ አጽዱ። ጎሚኒው ደርቆ ወይም ተሰነጣጥቆ ከሆነ ቀይሩት፤ ደህና ከሆነ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ቀቡት።

አምስተኛው የሥራው ዋና ክፍል ነው። ሞላዋን ወደ ቦታዋ መልሱና ቀለበቱን ያለ ኢንሰርት ሰዓቱ ላይ ግጠሙት። ቀጭ ብሎ እስኪቆም አዙሩት፤ ከዚህ በኋላ ቀለበቱ አይነካም። አሁን ሰማያዊውን ፕላስተር ከመስታወቱ ላይ አንስታችሁ ኢንሰርቱን ያለ ማጣበቂያ አስቀምጡትና ሦስት ማዕዘኑን ከ12 ጋር አግጥሙ። 15ን፣ 30ን እና 45ንም አረጋግጡ። ከላይ በአንድ ዓይን እዩ፣ ከርቀት ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩ። ልክ ሲሆን ቀጭን ፕላስተር ከኢንሰርቱ ወደ መስታወቱ አሻግራችሁ ለጥፉና በብዕር ምልክት አድርጉበት። ጊዜ መውሰድ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ማጣበቂያ ከገባ በኋላ የሚደረግ እርማት ጠባብ ነው።

ስድስተኛ፣ ማጣበቅ። ሁለት ጥሩ መንገዶች አሉ። አንዱ በኢንሰርቱ ልክ የተቆረጠ ባለ ሁለት ፊት ስስ ፕላስተር ነው። ሌላው ቀስ ብሎ የሚደርቅ የሰዓት ሰሪዎች ማጣበቂያ ነው፤ ጂኤስ ሃይፖ ሲመንት የሚባለው መስታወት ለመግጠም ጭምር ያገለግላል፤ ወዲያው ስለማይደርቅ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። በቀለበቱ ጎድጓዳ ላይ ጥቂት ትናንሽ ጠብታዎች ይበቃሉ፤ በዛ ካለ ወጥቶ ወደ መስታወቱ ይፈስሳል።

ሱፐር ግሉ ግን አይሁን። በሰከንዶች ይይዝና ለማስተካከል ፋታ አይሰጥም፤ ጢሱ በመስታወቱና በብረቱ ላይ ነጭ ጭጋግ ያስቀራል። ወደፊት ኢንሰርቱን ማንሳት ያስፈለገው ሰው ደግሞ ሳያጥፈው ሊያነሳው አይችልም። ብዙ ያገለገሉ ሰዓቶች የተበላሹት እንዲህ ባለ ጥገና ነው። ጥሩ ጥገና ማለት ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊፈታው የሚችለው ነው።

ሰባተኛ፣ ኢንሰርቱን በምልክቱ አስቀምጡ፤ በጨርቅ ላይ በጣታችሁ ዙሪያውን እኩል ተጫኑት። እንደገና እዩት፣ ከዚያ ሳትነኩት አሳድሩት። በማግስቱ ፕላስተሩን አንስታችሁ ቀለበቱን ሙሉ ዙር አዙሩ። 120ውም ቀጭ እኩል መሰማት አለበት፤ የሚያንሸራትት ወይም የሚይዝ ቦታ ካለ ሞላዋ በትክክል አልተቀመጠችም። ወደ ቀኝ የሚዞር እንደሆነም ፈትሹ። የዛሬ ዘመን የጠላቂ ቀለበት ወደ ቀኝ ከዞረ ጉድለት አለበት።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ውኃ። ቀለበቱ የሚቀመጠው ከሰዓቱ መዝጊያ ጎሚኒዎች ውጭ ነው፤ ስለዚህ ኢንሰርት መቀየር ብቻውን ሰዓቱን ውኃ አያስገባም። ነገር ግን ያገለገለ ሰዓት ጎሚኒዎች የስንት ዓመት ዕድሜ እንዳላቸው ከውጭ አይታይም። ክዳኑ ላይ 200 ሜትር ተብሎ የተጻፈው ሰዓቱ አዲስ ለነበረበት ጊዜ ነው። በሳንታ ሞኒካ ባሕር ከመግባታችሁ በፊት በሰዓት ሰሪ ዘንድ የግፊት ምርመራ አስደርጉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮች፣ ኢንሰርቱ ከተነሳ አይቀር ለእኛ ከአገር ቤት ለመጣን የሚጠቅም አንድ ሐሳብ ልጨምር። ለብዙ የሴይኮ ሰዓቶች በ60 ደቂቃ ፋንታ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ያለው ኢንሰርት ይሸጣል። ይህን ብትለጥፉ ቀለበቱ የአዲስ አበባን ሰዓት ያሳያችኋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሎስ አንጀለስ የክረምት ሰዓት፣ ማለትም ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አዲስ አበባ በ11 ሰዓት ትቀድመናለች። እዚህ ማታ በአሜሪካ አቆጣጠር 7 ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ስለዚህ በኢንሰርቱ 12 ቦታ ያለውን ሦስት ማዕዘን በገጹ 7 ቁጥር ላይ አድርጉት። ሰዓት ቆጣሪው የሚያመለክተው የቀለበት ቁጥር የአገር ቤት ሰዓት ይሆናል። ቆጣሪው 8 ላይ ሲደርስ ቀለበቱ 1 ይላል፤ በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በበጋው ሰዓት ልዩነቱ ወደ 10 ሰዓት ስለሚቀንስ ሦስት ማዕዘኑን 8 ላይ ታደርጉታላችሁ። በ120 ቀጭ ቀለበት ላይ አንዱ ሰዓት 10 ቀጭ ነው፤ ከ12 ተነስቶ 7 ለመድረስ 50 ቀጭ ወደ ግራ፣ 8 ለመድረስ 40 ቀጭ። ቀንና ሌሊቱን ቀለበቱ አይለይም፤ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እናት ወይም አባት ለመጠየቅ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ዓይናችሁን ወደ እጃችሁ መወርወር ብቻ ይበቃል።

በመጨረሻም፣ ለመግዛት ስትወጡ ይህን አስቡ። ሻጩ በገበያ ላይ ካለ ቀለበቱን ራሳችሁ አዙሩት፤ ሙሉ ዙር። በኢንተርኔት ከሆነ ከላይ በቀጥታ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ፤ ሦስት ማዕዘኑ 12 ላይ የሆነበት። ኢንሰርቱ ከፋብሪካው የመጣ ነው ወይስ የተቀየረ? ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከዋጋው ጋር ይሂድ። መዛነፉ ከኢንሰርቱ መሆኑን ካወቃችሁ በድርድር ዋጋ ማስቀነሻ ነው እንጂ ከግዢ የሚያስቀር አይደለም። ከገጹ ወይም ከውስጥ ከሆነ ግን የሰዓት ሰሪውን ክፍያ አስቀድማችሁ ቁጠሩ። በመሃል ከተማ በሂል ጎዳና አካባቢ ባለው የጌጣጌጥ ሠፈር ብዙ ሰዓት ሰሪዎች ይሠራሉ። ሰዓቱን ከመስጠታችሁ በፊት ዋጋውን፣ የሚቀየር ዕቃ ካለም አሮጌው ለእናንተ እንደሚመለስ በደረሰኝ ላይ አስጽፉ።

ለማጠቃለል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለማስተካከል ከግማሽ ሚሊ ሜትር የበለጠ ጉዳት ማድረስ አይገባም። ዓይናችሁን፣ ልቅነቱን፣ ቆጣሪዎቹን፣ ገጹን፣ በመጨረሻም ኢንሰርቱን በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ። ጥፋቱ ኢንሰርቱ ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ ቢላዋ አታንሱ። ካረጋገጣችሁ ደግሞ አትፍሩ፤ በጥንቃቄና በትዕግሥት የሚሠራ ሰው በአንድ ምሽት ሠርቶ በማግስቱ የሚጨርሰው ሥራ ነው። በመሳቢያ ውስጥ የተኛ የአባት ወይም የእናት ሰዓት ያላችሁ አድማጮቻችን በዚህ ሳምንት አውጡት፤ ከላይ በቀጥታ እዩት፤ ልጆቻችሁንም አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ምርመራውን አብራችሁ ሥሩ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)